የማታማልደዋ ሮዛልባ

እትዬ ስንዱ ሞተች ሲሉኝ አላመንኩም። እሷ ቤት ሞት የሚጸናው እስከሚቀጥለው ገበያ ብቻ ነበር።

ወሬውን ያመጣልኝ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የሚመላለሰው አውቶቡስ ረዳት ነው። ጣሪያው ላይ ቆሞ የሰው ዶሮ እያወረደ፣ «ያቺ የሲኒማዋ ጠጅ ሻጭ ተቀበረች'ኮ» አለኝ።

«ቄሶቹ ፈቷት?» ብዬ ጮህኩ። ግማሾቹ አንፈታትም ሲሉ ነው የኖሩት።

«ምን ፈቷት ትያለሽ፣ መሪጌታ ራሳቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ ዘመሩላት!»

መሪጌታ ድምፃቸው ከተዘጋማ እውነት ነው። ያኔ አመንኩ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። እትዬ ስንዱ ደግ አልነበረችም። ጠጇን በውሃ ታቀጥናለች፤ ሲነግሯት «የእስቴ ሰው በወፍራም ጠጅ ይጣላል፣ እኔ አስታራቂ ነኝ» ትላለች። ሰው ታማለች። ዕድሜዋን ትሰርቃለች። አንድ ቀን «አንቱ» ብላት፣ «አንቱ ስትይኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል። አንቺ በይኝ፤ እትዬን ግን እንዳትረሺ» አለችኝ። ውሸቷንማ ተዉት። ግን ከመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪዎቼ መሀል የአንዳቸውም ፊት ትዝ አይለኝም፤ የእሷ ፊት አሁንም የተበጠሰ ወንፊት ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

የወንፊቱን ነገር እመጣበታለሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁበት ዓመት የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ተመደብኩ። የዲፕሎማዬ ቀለም አልደረቀም። በመጀመሪያው ዓመት አገሩን አስተካክዬ በሁለተኛው ዓመት ትንሽ ላርፍ ነበር ያሰብኩት። የተከራየሁት ቤት ከእትዬ ስንዱ ጠጅ ቤት ጋር በአንድ አጥር ነበርና ማስተካከሉን ከዚያ ልጀምር አልኩ።

መካነ ኢየሱስ ውስጥ ሲኒማ ቤት አልነበረም። እትዬ ስንዱ ነበረች።

የዚያው የእስቴ ልጅ ነች። ነፍስ ሳታውቅ ዳሯት፤ ከባሏ ቤት ጠፍታ ከነጋዴ ጋር ጎንደር፣ ከጎንደር አሥመራ ገባች። አሥመራ አንድ የጣሊያን ሲኒማ ቤት ወለል ስትጠርግ ጎልማሳ ሆነች። እናቷ ሲሞቱ ተመልሳ መጣች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ፣ ጥቂት ጣሊያንኛ፣ እሱም አብዛኛው ስድብ፣ እና የሮዛልባን ሥዕል ነው። ሮዛልባ ያን ጊዜ በዓለም ስሟ የገነነ የጣሊያን የፊልም ተዋናይ ነች። ሥዕሉ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ነው፤ ቁመቱ የሰው ያህላል። እትዬ ስንዱ ጠጅ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስና በጃንሆይ መሀል ሰቀለችው። መሪጌታ «ትከሻዋ ተራቁቷል» ብለው ቢቆጡ፣ ቁራጭ ነጠላ በሚስማር መታችላት። ከዚያ ወዲያ ሮዛልባ የቆረበች መሰለች። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ ሴቶች ገብተው ሲያይዋት ጎንበስ ይሉና ሊሳለሟት ይጠጋሉ። እትዬ ስንዱ ከጋኑ አጠገብ ሆና ትጮሃለች፤

«ተይ፣ እናቴ! ይህችኛዋ አታማልድም።»

ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ ቤቱ ይሞላል። መደቡ ላይ ሽማግሌው፣ መሬት ላይ ነጋዴው፣ በር ላይ የጋማ ከብቱ። እትዬ ስንዱ የሮዛልባን ሕይወት እንደ ገድል ነበር የምትተርከው፤ ልደቷን፣ ስደቷን፣ ተጋድሎዋን። አንድ ነገር ብቻ ከገድል ይለያል። ወንፊቱ ተበጥሶ የቀረ ክብ እንጨት አላት። ፊልሙ ላይ የሮዛ ፊት ቀርቦ የሚታይበት ቦታ ስትደርስ ክቡን ታነሣና ፊቷን ውስጡ ታደርጋለች። «አሁን ቀረበች» ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትገልጣለች፤ ሰው ሁሉ ብርሌውን ያስቀምጣል። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰሌዳ እየደበደብኩ ያላገኘሁትን ጸጥታ እሷ በተበጠሰ ወንፊት ታገኘው ነበር። ያናድደኝ ነበር።

ከአድማጮቹ ሁሉ የባሱት ባላምባራስ ጓንጉል ናቸው። አርበኛ ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ በጋይንት ገደል ለገደል ሲዋጉ የኖሩ ሰው ናቸው። የጣሊያን ጥይት አሁንም ትከሻቸው ውስጥ አለ፤ ክረምት ሲመጣ በእሱ ነው የሚያውቁት። ታዲያ ሮዛ በልጅነቷ በጦርነቱ ጊዜ ስትራብ፣ ናፖሊ ወደብ ላይ የዓሣ ጭንቅላት ስትለቅም፣ ባላምባራስ በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ማነው ያስራባት?» አሉ አንድ ቀን።

«ጦርነቱ ነዋ።»

«የማን ጦርነት?»

«እናንተ የተዋጋችሁት!»

ባላምባራስ ኩታቸውን ከዓይናቸው አነሡ። «እኔ'ኮ የገደልኩት ወታደሩን ነው። ልጅቱን ራቢ አላልኳት!» አሉ። ሰው ሁሉ እውነታቸውን ነው አለ።

ችግሩ እትዬ ስንዱ የሴቲቱን ሕይወትና የተጫወተችውን ፊልም አትለይም። ወይም ትለያለች፣ ግን አትነግረንም። አንድ ቅዳሜ ሮዛን በሳንባ በሽታ ገደለቻት። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ወሬው ከሰው ሰው እየተላለፈ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ደርሶ፣ ከዚያ የመጣች አንዲት ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ አስይዛ ለቅሶ ለመድረስ ገባች። ብትገባ ሮዛ ከአንድ የመርከብ ሹም ጋር ሠርግ ላይ ናት። ባላምባራስ ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ያለቀስኩትስ?»

«ለሌላ ጊዜ ይቆይልዎታል፣ ጌታዬ» አለች እትዬ ስንዱ። ዳቦው ለሠርጉ ተበላ።

እኔ ይሄን ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬን መጽሔት አስላክኳት፤ የሮዛልባ እውነተኛ የሕይወት ታሪክ ያለበት። ቅዳሜ ሄጄ መሀላቸው ቆሜ አነበብኩላቸው። ሮዛልባ ሮም ትኖራለች፤ አላገባችም፤ ውሾች ታሳድጋለች፤ ጎበዝ ተዋናይ በመሆኗ የሰው ምስል ያለበት የወርቅ ሽልማት አግኝታለች። እፎይ፣ እውነት አሸነፈች ብዬ ነበር።

«ውሻ?» አሉ ባላምባራስ፤ ዘመዳቸው የተሰደበ ይመስል።

«ሮዛ ውሻ ትጠላለች» አለች እትዬ ስንዱ። «በልጅነቷ ነክሷታል።»

«ተጽፏል እኮ!» አልኩ።

«እናቴ፣ ወረቀት ምን ቸገረው። የጻፉበትን ይሸከማል።»

መሪጌታ ደግሞ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመረቁ፣ ጉሮሮ ለማለስለስ ብቻ የሚጠጡ ሰው ናቸው። ሌላውን ትተው ሽልማቱን ያዙ። «ወርቅ ሆኖ በሰው አምሳል የተቀረጸ ከሆነ ጣዖት ነው። ትመልስ!» አሉ። ጾም እስኪገባ ድረስ አገሩ ሁሉ ሮዛ ጣዖቱን ትመልስ ወይስ አቅልጣ መስቀል ታሠራው በሚል ተከፍሎ ከረመ። መጽሔቴን በመጨረሻ ያየሁት የማር እንስራ ተከድኖበት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር ቀረ።

የባላምባራስ ልጅ እንጉዳይ ስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነች። እጇን ሳታወጣ የምትመልስ፣ መልሱን ስነግራት ደግሞ የምትከራከር፤ በአባቷ የወጣች። አንድ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞ መጣችና መቀመጫዋ ላይ ሆና፣ «መምህር፣ ከጥምቀት በኋላ አልመጣም። ደብተሬን ለማን ልስጥ?» አለችኝ። ለግራዝማች ተሰማ ልትዳር ነው። ግራዝማች ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ከእንጉዳይ የምትበልጥ ሰው ናቸው። ከባላምባራስ ጋር በአንድ የግጦሽ መሬት ድንበር ሲካሰሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ሽማግሌ ገባ፤ ድንበሩ በጋብቻ ይታረቅ ተባለ። ድንበሩ እንግዲህ እንጉዳይ ሆነች።

እኔ ለዚህ ነው የተማርኩት አልኩ። ባላምባራስ ቤት ሄድኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ «ልክ ነሽ፣ ልጄ፣ ትምህርት ብርሃን ነው» እያሉ ጮማ አጎረሱኝ፤ ስወጣ ሠርጉ ላይ እንዳልቀር አደራ አሉኝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው፣ ክስ ልጅቱ ራሷ ታቅርብ፤ ልጅ ስለሆነች ግን አሳዳሪዋ ይፍቀድላት አለኝ። አሳዳሪዋ ማነው? አባቷ። ዳይሬክተራችን ደግሞ መነጽሩን እየወለወለ፣ «አንቺ ገና ነሽ። ሌላ ዓመት ስትቆዪ ይለቅሻል» አለኝ። እንደ ጉንፋን።

በንዴት የእትዬ ስንዱን በር ገፍቼ ገባሁ። ጠጅ እያጠለለች ነበር።

«አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ያልነበረ ታሪክ ትቀባጥሪያለሽ፤ እዚያ ልጅ በግጦሽ መሬት ልትለወጥ ነው!»

«ቀስ በይ፣ ጠጁ ይረበሻል።»

«ባላምባራስ እኮ አንቺን ይሰማሉ!»

«እኔን?» ሳቀች። «እኔን ማን ይሰማኛል። የሚሰሙት ሮዛን ነው።» ጨርቁን ጨመቀችና ቀና አለች። «ሠርጉ መቼ ነው?»

«ጥር።»

«እንግዲያው ሮዛንም ጥር ላይ እንድራታለን።»

የምታላግጥብኝ መሰለኝ። ምን ብዬ ሰድቤያት እንደወጣሁ አልጽፍም፤ አስተማሪ ነኝ።

ቅዳሜ ግን እግሬ አልቀርም አለና ሄድኩ። እትዬ ስንዱ ሮዛን ወደ ልጅነቷ መልሳታለች። ሮዛ የመነኮሳይት ትምህርት ቤት ትማራለች፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጎረቤቱ አንድ ሽማግሌ የመረብ ጌታ ነው።

«ቆይ፣ አባቷ በጦርነቱ አልሞተም እንዴ?» አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

አየችኝ። አስተያየቷ ቢላዋ ነው። «ይሄ የእንጀራ አባቷ ነው» አለች።

ሁለቱ ሰዎች መረብ በሚጥሉበት ባሕር ድንበር ተካሰሱ።

«ባሕር ድንበር አለው?» አለ አንድ የጨው ነጋዴ።

«ጣሊያን የሰው አገር ገብቶ እንኳ ድንበር የሚያበጅ ነው፤ በራሱ ባሕር ይቅርበት? አታውቁትም?»

«እናውቀዋለን!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ታዲያ ለመታረቅ ብሎ አባትየው ሮዛን ለሽማግሌው ሊድር ቃል ገባ። እዚህ ላይ እትዬ ስንዱ ክቡን አነሣች፤ ቀረበች፤ የልጅ ዓይን አደረገች። ከዚያ ድንገት ክቡን አስቀመጠች።

«የጣሊያን ዳኛ የፈረደውን ግን ረሳሁት።»

«ምን?» ቤቱ ተንጫጫ። «እንዴት ትረሺያለሽ!»

«ምን ላድርግ፣ እርጅና ነው» አለች፤ ያቺ አንቱ አትበሉኝ ባይ። «እስኪ እናንተ ፍረዱ። የእስቴ ፍርድ ከጣሊያን ፍርድ ያንሳል?»

እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል እስቴ ውስጥ አልተወለደም። እዚያ አገር ሰው ቢራብ ይችላል፣ ሙግት ካጣ ግን ይታመማል። ወዲያው መሪጌታ ዳኛ ተባሉ። የጨው ነጋዴው ለአባትየው ቆመ። ለሮዛ ማን ይቁም? ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

ባላምባራስ ኩታቸውን አደግድገው ተነሡ። እንዲያ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም። ዘንጋቸውን እየወዘወዙ፣ ወደ መሪጌታ እየተጠጉ፣ ወደ ነጋዴው እየዞሩ፤

«እስኪ መልስልኝ! ድንበር በድንጋይ ይከለላል እንጂ በልጅ ይከለላል ወይ? ድንጋይ ቢቀበር አያለቅስም፤ ልጅ ሲቀበር አያለቅስም ወይ? ሽማግሌው ነገ ሲሞት ድንበሩ አብሮት ይቀበራል ወይስ ልጅቱ?»

ነጋዴው «አባት በልጁ ያዝዛል!» ቢል፣

«ያዝዛል! በሬውን እንኳ ግን ጥጃ ሳለ አይጠምደውም!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነጋዴው ተረታሁ ብሎ ተቀመጠ። ባላምባራስ ግን ግለዋል፣ አላበቁም። ዘንጋቸውን መሬት መትተው፣ «ይህን የሚያደርግ አባት አባት አይደለም! እኔ ባለሁበት አገር አይደረግም! ጃንሆይ ይሙት!» አሉ።

መሪጌታ ፈረዱ፤ ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ትመለስ፣ ድንበሩ ለብቻው ይታይ። እልልታ ሆነ። ባላምባራስ ላባቸውን እየጠረጉ ቁጭ አሉ። እትዬ ስንዱ ብርሌ ቀድታ አመጣችላቸው፤ ወፍራሙን፣ ውሃ ያልገባበትን። ብርሌውን ከሰጠቻቸው በኋላ ክቡን አንሥታ በእሳቸው ፊት ላይ ያዘችው።

«አሁን ቀረቡ፣ ባላምባራስ» አለች።

የባላምባራስ ፊት ክቡ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ፈገግታው ነበር። ከዚያ ፈገግታው ብቻውን ቀረ። ከዚያ እሱም ሄደ። እኔ «እንጉዳይ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ስንዱ እግሬን ረገጠችኝ። መሪጌታ ስለ ንጉሥ ዳዊት አንድ ነገር ሊሉ ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ፣ «ይጠጡ፣ የኔታ» አለቻቸው።

ባላምባራስ ተነሡ። «አንቺ የጣሊያን ሎሌ!» አሏትና ወጡ። ብርሌው ሳይነካ ቀረ።

በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። እትዬ ስንዱም «ሮዛ ታማለች» ብላ ታሪኩን ዘጋች። በዚያኛውም ሳምንት ሮዛ አልተሻላትም። ሰው መንገድ ላይ ባላምባራስን እያስቆመ «ኧረ በእርስዎ የተነሣ ልጅቱ ልትሞት ነው!» ይል ጀመር። የትኛዋን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። በጃንሆይ ስም የማሉትን ደግሞ ገበያ ሙሉ ሰው ሰምቷል፤ ማሉላት የተባለችው ልጅ ፊልም ውስጥ ትኑር ጓዳ ውስጥ፣ መሐላው መሐላ ነው።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባላምባራስ መጡ። እኔ እትዬ ስንዱ ደጅ ደብተር እያረምኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሙ፤ አልተቀመጡም።

«ምን ሆነች?»

«ማን?» አለች እትዬ ስንዱ።

«ልጅቱ።»

«የትኛዋ?»

ባላምባራስ ሥዕሉን አዩ፤ መሬቱን አዩ። «ሁለቱም» አሉ።

«የሮዛን እኔ እነግርዎታለሁ። የሌላዋን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ግራዝማች ምን ይሉኛል?»

«አይ ባላምባራስ! ያን ሁሉ አፍ ለጣሊያን ልጅ አውጥተው ለእስቴ ልጅ ሊያጡ?»

ሄዱ። እንደሰማሁት መሐላ አለብኝ አሏቸው፤ ግራዝማች «ለማን ብለህ ነው የማልከው?» ቢሏቸው «ለአንዲት የጣሊያን ልጅ» አሉ። ግራዝማችም «አባቶቿን ስትገድል ኖረህ!» ብለው ዕርቁን አፈረሱ። ሰኞ ሁለቱም በቅሏቸውን ጭነው ፍርድ ቤት ነበሩ፤ ስለ ድንበሩ። ሁለቱም ጭር ብሏቸው የከረሙ ናቸውና ፊታቸው በራ። እንጉዳይ ማክሰኞ ክፍል ገባች፤ ደብተሯን ከሰጠቻት ልጅ ጋር ተጣልታ አስመለሰች።

እትዬ ስንዱ አሸነፍኩ አላለችም። «ጠጄ ይሸጣል» ነው ያለችው። እኔ ግን ጠየቅኳት።

«እውነት ሮዛልባ በልጅነቷ ልትዳር ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። በጣሊያንኛ ካልሰደቡኝ አልሰማም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

ጌሾዋን ማሸት ቀጠለች። «ያኔ እንዲህ የሚፈርድላት ብታገኝ ኖሮ አሥመራ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሮም ማለትሽ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ» አለች። «ሮም።»

በዓመቱ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። እንጉዳይ አሁን እዚህ ትማራለች፤ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ወጥ ጨው አነሰው ብላት ማስረጃ ትጠይቀኛለች። የእትዬ ስንዱን ሞት ስነግራት አላለቀሰችም። «ሮዛን ማን ወሰዳት?» ነበር ያለችኝ።

ለአርባዋ ሄድን። ጠጅ ቤቱ ተዘግቷል፤ ድግሱን የያዙት ባላምባራስ ናቸው። ባላምባራስ ቤት ስንገባ ሮዛልባ ግድግዳው ላይ ናት፤ ነጠላዋ ታጥቦ፣ በጊዮርጊስና በጃንሆይ መሀል። ከሥሯ የወንፊቱ ክብ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታሪኩን የሚያወሩት አሁን እሳቸው ናቸው አሉ፤ አይችሉበትም፤ ሮዛን በየሳምንቱ ጠበቃ ያደርጓታል።

እንጀራ ቀርቦልን ሳለ አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ለአርባው እህል ይዛ ገባች። ሥዕሉን አየች፣ ጎንበስ አለች፣ ልትሳለም ተጠጋች። ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ።

«ተይ፣ እናቴ፣ ይህችኛዋ አታ…»

እንጉዳይ እያየቻቸው ነበር፤ ጉርሻዋን እንደያዘች።

ባላምባራስ እጃቸውን አወረዱ። «ግድ የለም» አሏት። «ተሳለሚ።»